ብላስት ቢት ለምትለማመዱ፦ እጃችሁን አላሉት

ደሴ ላይ የሜታል ድራም የጀመራችሁ ልጆች፣ የብላስት ቢት፣ ማለትም የሜታሉ በጣም ፈጣን የድራም ምት፣ ፍጥነቱ ከክንድ ጉልበት አይመጣም። እኔ ወራት ሙሉ በክንዴ እየደበደብኩ ትከሻዬን አሳመምኩ። የተፈታልኝ ዱላውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ላላ አድርጌ ይዤ፣ ሲነጥር በቀሩት ጣቶች መልሼ መግፋት ስጀምር ነው። የመንዙማ ከበሮ መቺዎቻችንን እጅ ልብ በሉ፤ ለሰዓታት የሚዘልቁት ስለማይጨብጡ ነው።

በተለመደው ብላስት ቢት ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) እና ሲምባል (የብረት ሳህኑ) አብረው ያርፋሉ፣ ስኔር (ሹል ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) በየመሃላቸው ይገባል። ስሙን ያስለመደው የእንግሊዙ ባንድ የናፓልም ዴዝ ድራመር የነበረው ሚክ ሃሪስ ነው።

ሜትሮኖሙን (ምት ጠባቂውን መሣሪያ) በደቂቃ 80 ምት ላይ አድርጉ። በአንድ ምት ውስጥ 4 ድምፅ፦ ኪክ፣ ስኔር፣ ኪክ፣ ስኔር። ክንዳችሁ ሳይደርቅ 2 ደቂቃ ከዘለቃችሁ 5 ጨምሩ። ከደረቀ ወዲያው አቁሙና ዝቅ በሉ፤ እልህ እዚህ ላይ ጅማት ይጎዳል።

ትራስ ላይ አትለማመዱ፣ ዱላውን አያነጥርም። ጣውላ ላይ የተወጠረ አሮጌ ካላማዳሪ ይሻላል፤ ጎረቤትም አይረብሽም። ጠዋት በጦሳ ተራራ ብርድ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እጃችሁን በደንብ አሙቁ።