ለወንድም የሚላክ የንግድ ብር ወረቀት ይኑረው

ውጭ ያለን ሰዎች ለባዳ አንድ ሺህ ዶላር ስናበድር ቢያንስ የመታወቂያ ኮፒ እንጠይቃለን። ለወንድማችን 20 ሺህ ዶላር ስንልክ ግን «በል እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ» ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ከሦስት ዓመት በኋላ እሱ «ሰጥተኸኝ የለ እንዴ?» ይላል፣ እኛ «አበድሬህ ነው» እንላለን፣ እናት መሃል ገብታ ታለቅሳለች። ብዙ ጊዜ የዋሸ ሰው የለም። ገንዘቡ ሲላክ ምን እንደሆነ አፍ አውጥቶ የተናገረ አልነበረም፣ በቃ።

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ይቺን ለይታችሁ ተነጋገሩ። ስጦታ ነው? ብድር ነው? ሽርክና ነው? ወይስ ንብረቱ የእናንተ ሆኖ እሱ የሚያስተዳድርላችሁ ነው? ስጦታ ከሆነ ስጡና እርሱት፣ በየበዓሉ እያነሳችሁ አታሳቅቁት። ጣጣው ያለው የቀሩት ሦስቱ ላይ ነው።

ከብድር እንጀምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዛሬም ይሠራል፣ አብዛኛውን ውልም በቃል ቢሆን ይቀበላል። ብድር ላይ ግን ጠንከር ይላል። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ችሎት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ነው። 500 ብር ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፣ ቁጥሩ ግን ሕጉ ላይ እንዳለ ነው። ስለዚህ አክስታችሁ ቀርበው «ሲያበድረው በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ቢሉ አይበቃም። ወንድማችሁም ቢሆን ሲመልስ ደረሰኝ ይቀበል፣ ከ500 ብር በላይ መክፈሉን ለማስረዳት የሚጠየቀው ማስረጃ ያው ነውና። ወለድ ካለ ደግሞ በጽሑፍ ይሁን፣ በግለሰቦች ውል ከዓመት 12 በመቶ እንዳያልፍ።

ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። «እኔ እገሌ፣ ከታላቅ እህቴ ከእገሊት ለወፍጮ ቤት መክፈቻ ይህን ያህል ብር በብድር ተቀብያለሁ፣ ከመስከረም ወር ጀምሮ በየወሩ ይህን ያህል እየከፈልኩ እጨርሳለሁ፣ ወፍጮ ቤቱ ቢከስርም ባይከስርም ዕዳው የእኔ ነው።» ይኸው ነው። ቀን፣ የሁለታችሁ ፊርማ፣ የሁለት ምስክር ስምና ፊርማ። ሕጉ «በጽሑፍ ይሁን» ያለውን ውል ተዋዋዮቹ ሁሉ እንዲፈርሙበትና ሁለት ምስክር እንዲኖረው ያዛል (ቁጥር 1727)፣ እናንተም ከዚያ አትጉደሉ። የቴሌግራም መልእክትና የድምፅ ቅጂ አታጥፉ፣ ይጠቅማል፣ ግን እሱን ተማምናችሁ ወረቀቱን አትተዉ። የመክፈያው ቀን ደርሶ ዝም ብላችሁ 10 ዓመት ከተቀመጣችሁ ደግሞ ይርጋ አለ፣ ጊዜው አልፏል ተብሎ ክሳችሁ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናስቸግረው ራሳችንን ነው። ገንዘቡን በባንክ ትተን በጓሮ እንልካለን። ዶላሩን እዚህ ለአንድ ሰው እንሰጣለን፣ አዲስ አበባ ያለ ሌላ ሰው ብሩን ወንድማችን አካውንት ውስጥ ያስገባል። የባንኩ ወረቀት ላይ የሚታየው በሕይወታችሁ አይታችሁት የማታውቁት ሰው ስም ነው። ነገር ሲመጣ «የላኩት እኔ ነኝ» ብላችሁ በምን ታስረዳላችሁ? መንገዱ ራሱ ሕገወጥ ስለሆነ ችሎት ፊት ማንሳቱም ያሳፍራል፣ ያስጠይቃልም። ለአስቤዛ የምትልኩትን እንደፈለጋችሁ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ለንግድ የሚሆነው ግን በስማችሁ በባንክ ይሂድ፣ የመላኪያው ምክንያት ላይም «ብድር» ወይም «ለሚኒባስ መግዣ» ብላችሁ ጻፉበት።

የምንዛሪውም ነገር አለ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከዚያ በፊት 20 ሺህ ዶላር ልኮ የነበረ ሰው በባንክ ሂሳብ 1.1 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው የሰጠው። ተበዳሪው «የተቀበልኩትን ብር ይኸው» ቢል ዋሸ አይባልም፣ አበዳሪው «ግማሹ የለም» ቢልም እውነቱን ነው። የብር መውረድ ጉዳቱ የማን እንደሆነ በደህናው ቀን ተነጋግራችሁ አስቀምጡት። አጻጻፉን ጠበቃ ይይላችሁ።

አሁን ወደ ሚኒባሱ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ለታናሽ ወንድሙ ሚኒባስ ገዛ እንበል። ሊብሬው በወንድሙ ስም ወጣ፣ ለአሠራር ይመቻል ተብሎ። ወንድምየው ታማኝ ነው፣ በየሳምንቱ ገቢውን ጽፎ ይልካል፣ ለጎማ ይህን ያህል፣ ለፍሬን ሸራ ይህን ያህል፣ ለቦሎ ይህን ያህል። ከዚያ ያገባል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992፣ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው) በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ቢፋቱ ሚስቱ ግማሹን ብትጠይቅ አትፍረዱባት። ስለ እናንተ ገንዘብ ማን ነገራት? ቢሞት ደግሞ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው፣ ሊብሬው ላይ የእናንተ ስም የለም። ወንድማችሁን ብታምኑት ደግ ነው፣ ግን እሱ በሌለበት ቀን የሚናገርላችሁ ወረቀቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሊብሬው በእናንተ ስም ይሁንና ለእሱ ውክልና ስጡት። ካልሆነም ገንዘቡ ከማን እንደመጣ፣ መኪናው የማን እንደሆነ፣ ትርፉ እንዴት እንደሚከፈል የሚገልጽ ውል ይኑር፣ ካገባም ሚስቱ ትፈርምበት። የእሱ ድካም ስንት እንደሚያወጣም ይጻፍ። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ወንድም ጋራዥ እየዋለ፣ ከሹፌር ጋር እየተጨቃጨቀ «ቤተሰብ ነው» ተብሎ በነፃ ሲሠራ ይከርምና አንድ ቀን የድካሙን ከገቢው ላይ ራሱ መውሰድ ይጀምራል። እናንተ ስርቆት ትሉታላችሁ፣ እሱ ደመወዝ ይለዋል። ከገቢው በመቶ ይህን ያህል የእሱ ነው ብላችሁ ገና ሲጀመር ቁረጡለት።

ቤት ሲሆን ይብሳል። ቤሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት እየሠራች ደመወዟን ሁሉ የምትልክ ልጅ አለች፣ አባት በራሱ ይዞታ ላይ ቤቱን ይሠራል፣ ካርታው በአባት ስም ነው። አባት ሲያርፍ ልጆች እኩል ይወርሳሉ። ብሎኬት በብሎኬት ያሠራችውም፣ አንድ ሚስማር ያልገዛውም እኩል። አባትየው በሕይወት እያለ «ቤቱ የተሠራው ከእሷ በተበደርኩት ገንዘብ ነው» ብሎ ከነመጠኑ ቢፈርምላት ኖሮ ባለዕዳነቱ ይታወቅ ነበር፣ የውርስ ዕዳ ደግሞ ከክፍፍል በፊት ነው የሚከፈለው። አባትን እንዲህ ማስፈረም ይከብዳል፣ አውቃለሁ፣ ይሉኝታው አንገት ያስደፋል። «አባዬ፣ እርስዎን ሳይሆን ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ጭቅጭቅ ነው የምፈራው» ማለት ግን ይቻላል፣ ብዙ አባት ይገባዋል። ቤት መግዛት ወይም መሸጥ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት እንዲመዘገብ ይጠይቃል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723)። በቤተሰብ መሃል ነው ተብሎ አይቀርም።

ውክልና ላይ አንድ ነገር አስምሩ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳችሁ ትፈርማላችሁ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይቀርባል። የተዘጋጀው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ ሌላ ሰው ለመወከል» የሚል ነው። አንብቡት! በቁጥር 2205 መሠረት ቤት መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ መክሰስ የመሳሰሉት ተለይተው ካልተጻፉ ተወካዩ አይችልም፣ በጠቅላላ ውክልና የሚችለው ማስተዳደር ብቻ ነው። ስለዚህ ኪራይ እንዲሰበስብላችሁ ከሆነ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የምትለዋን አሰርዟት። «ሌላ ሰው ለመወከል» የምትለዋንም። በየጊዜው ሂሳብ እንዲያቀርብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ ሕጉ ሰጥቷችኋል፣ ለመጠየቅ መጣላት አያስፈልግም። ውክልና ስትሽሩ ደግሞ ለተወካዩ በስልክ መንገር ብቻውን አይበቃም፣ ስረዛው ውልና ማስረጃም ባንኩም ዘንድ በጽሑፍ ይድረስ። ወካይ ወይም ተወካይ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ እንደሚቀርም አትርሱ።

ነገሩ ከወዲሁ ተበላሽቶ ከሆነስ? ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሽማግሌ ላኩ። የቤተሰብ ጉዳይ ላይ ከጠበቃ ይልቅ የሰፈር አባት የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። ችግሩ ሽምግልናው ተጠናቆ፣ ይቅር ተባብለን፣ ጉልበት ስመን፣ በላን ጠጣን ተብሎ ያለ ወረቀት መበተኑ ነው። ማን ለማን ስንት፣ እስከ መቼ እንደሚከፍል እዚያው ጻፉት፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙ። ክስ ተከፍቶ ከሆነ ያንኑ የእርቅ ስምምነት ፍርድ ቤቱ እንዲመዘግበው አመልክቱ፣ እንዲያ ከሆነ ቃሉን ያጠፈ ሰው ሲኖር አዲስ ክርክር ሳትጀምሩ በአፈጻጸም ትሄዳላችሁ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን እንዲያስፈጽምላችሁ ትጠይቃላችሁ።