ለሁለት ሆኖ የአባይን በረሃ በሳይክል መሻገር

መጀመሪያ መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ያሉ ሰዎችን ጠይቁ፤ ካልሆነ ሌላ ጊዜ ይሁን። ከሆነ ግን ጎሐ ጽዮን እደሩና ገና ሲነጋጋ ተነሱ። እስከ ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግማሹ ቁልቁለት ግማሹ ዳገት፣ እታች ያለው ሙቀት ደግሞ ከደጋው ጋር አይገናኝም።

ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬን ጨብጣችሁ አትውረዱ፤ የጎማው ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ከሆነ ብረቱ ግሎ ጎማ ሊያፈነዳ ይችላል። ያዝ ለቀቅ አድርጉት፣ በመሀላችሁም ሰፋ ያለ ርቀት ይኑር።

ዳገቱ ላይ ነው እንግዲህ ፍቅር የሚፈተነው! ደከም የሚለው ይቅደምና ፍጥነቱን እሱ ይወስን፣ ጠንካራው ደግሞ ድንኳኑንና ከባድ ከባዱን ዕቃ ይጫን፣ ከኋላ ሆኖ "ቶሎ በይ" ወይ "ቶሎ በል" ማለትም ይቅርበት። ማርሽ ሳይከብዳችሁ በፊት ቀይሩ። ካቃተ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም፤ የጭነት መኪና ይዞ መጎተት ግን አይታሰብም።

ውሃ ለየራሳችሁ ቢያንስ 4 ሊትር ያዙ። በሶ፣ ቆሎ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ፓምፕ። ዝንጀሮ ባለበት ምግብ አታውጡ። ደጀን ስትገቡ ደግሞ ከምሳ በፊት አልጋ ያዙ።