የገና ካርዱን ላኩ፣ የመጣላችሁንም አትጣሉ

የካርድ ነገር የሚበላሸው ገና ከግዢው ነው። ስትነኩት እጃችሁ ላይ ብልጭልጭ የሚያራግፍ ከሆነ መልሳችሁ አስቀምጡት። ያ ብልጭልጭ አብዛኛውን ጊዜ ደቃቅ ፕላስቲክ ስለሆነና ከወረቀቱ ስለማይለይ፣ ካርዱ ተመልሶ ወረቀት እንዲሠራበት ለወረቀት ፋብሪካ አይሆንም። ወርቅና ብር የሚመስል ፎይል የተለጠፈበትም ያው ነው። ከተጠራጠራችሁ ጠርዙን ቀደድ አድርጉት (ሱቅ ውስጥ አይደለም ታዲያ!)። ጫፉ ከተንጨፈረረ ወረቀት ነው፣ ስስ ላስቲክ ተለጥጦ ከቀረ ግን ፕላስቲክ ተለብጧል።

ምን ልጻፍ ብላችሁ አትጨነቁ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮል እ.ኤ.አ. በ1843 የመጀመሪያውን ለሽያጭ የቀረበ የገና ካርድ ያሳተመው እኮ፣ ለዚያ ሁሉ ወዳጅ ደብዳቤ መጻፍ አልደርስ ብሎት ነው። ሁለት መስመር ይበቃል፤ ብቻ አንዷ ለዚያ ሰው ብቻ የምትሆን ትሁን። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ተቀባዩ ገናን የሚያከብረው ዲሴምበር 25 ይሁን ጃንዋሪ 7 አስቡ፣ ለውጭ አገር ከሆነም ፖስታ ቤቱን የመጨረሻው መላኪያ ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

በዓሉ ሲያልፍ መቀስ አምጡ። ሥዕል ያለበት ፊት ከጀርባው ካልተጻፈበት ለከርሞ ፖስትካርድ ይሆናል፤ ከተጻፈበት ደግሞ ባዶውን ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ፣ በስታችሁ፣ ክር አስገብታችሁ የስጦታ ላይ ስም መጻፊያ አድርጉት። እኔ አንዴ እንዲህ ሠርቼ ስጦታ ላይ ያሰርኩት ካርዱን ለላከችልኝ ለራሷ ለአክስቴ ደረሰ፤ ሥዕሉን አይታ ወዲያው ለየችው፣ እስካሁንም ታነሳብኛለች። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ የላከውን ሰው ስም በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ስሰጥ በላጲስ አጠፋዋለሁ።

የተረፈው ንጹሕ ወረቀት ከሌላው ወረቀት ጋር ይሂድ። ሪባኑን፣ የልብስ ቁልፉንና የተለጠፈውን ጌጥ ግን ቀድማችሁ ንቀሉ። የሚዘፍን ካርድ ከሆነ ውስጡ ትንሽ ክብ ባትሪ አለ፤ ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮውን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልታቃጥል ስለምትችል አውጥታችሁ ከልጆች አርቁ፣ ከዚያም የባትሪ መሰብሰቢያ ቦታ አድርሷት። ብልጭልጩ ካርድ ከመጣላችሁስ? እሱን የመጽሐፍ ዕልባት አድርጉት።