የእድር አዳራሽን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለልጆች ጥናት ማዋል፦ አጀማመሩና አያያዙ

በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች የእድር አዳራሽ አለ። አግዳሚ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ተደርድሮ፣ ለቅሶ ወይም ወርኃዊ ስብሰባ እስኪመጣ ድረስ በሩ ተቆልፎ ይከርማል። በዚያው ሰፈር በጠዋት ፈረቃ የሚማር ልጅ ደግሞ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከትምህርት ቤት ይወጣና እናቱ ከጉልት፣ አባቱ ከቀን ሥራ እስኪመለሱ ድረስ ያለውን ግማሽ ቀን የሚቀመጥበት አጥቶ መንገድ ላይ ይውላል። የተቆለፈው አዳራሽ ለዚህ ልጅ እንዴት ሊከፈትለት እንደሚችል፣ በአንድ ሰፈር የጥናት ቡድን ሳስተባብር ካየሁት ተነሥቼ ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ልጁ ቤቱ ሆኖ ለምን አያጠናም የሚል ጥያቄ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ የቤቱ ስፋት ነው። አንዲት ክፍል ውስጥ ስድስት ሰው ሲኖር፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮኽ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እንጀራ ሲጋገር፣ ጠረጴዛ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ የቤት ሥራ የሚሠራው አልጋ ላይ በደረት ተኝቶ ነው። ችግሩ ደግሞ ከአንድ ሰፈር ያለፈ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ዓይኑን የሚጥለው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ ነው፤ ስንጥቁ ግን የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። የዓለም ባንክ በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ገምቷል። በሦስተኛ ክፍል ያላነበበ ልጅ፣ ትምህርቱ በላይኞቹ ክፍሎች በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ጊዜ ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ አቅማችሁ ትንሽ ከሆነ ከታች ክፍሎች ጀምሩ እላለሁ።

እድርን ለምን መረጥን?

በፕሮጀክት ገንዘብ የተከፈተ የልጆች ማዕከል ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ሲዘጋ በሰፈራችን ሁለት ጊዜ አይተናል። እድር ግን ነዋሪው እስካለ ድረስ ይኖራል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ አባላቱ ይተዋወቃሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናት ልጇን ለማን እንደምትሰጥ ታውቃለች። በሕግም በኩል የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን በመሰሉ ባህላዊ ስብስቦች ላይ ተፈጻሚ ስለማይሆን፣ አባላቱ በራሳቸው አዳራሽ የራሳቸውን ልጆች ለማስጠናት አዲስ ድርጅት ማቋቋም አይጠበቅባቸውም። ይህ ማለት ግን ወረዳውን ሳያሳውቁ መጀመር ማለት አይደለም። አንድ ገጽ ደብዳቤ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና በአቅራቢያው ላለው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር አስገቡ፤ ግልባጩን ቁጥር አስወጥታችሁ ያዙ። ነገ «ማን ፈቀደላችሁ?» የሚል ሰው ሲመጣ የምታሳዩት እሱን ነው።

ውሳኔው በጠቅላላ ጉባኤ መጽደቅና በቃለ ጉባኤ መስፈር አለበት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለተቀጣሁበት ነው። እኛ የጀመርነው ከሰብሳቢው ጋር በቃል ተስማምተን ነበር፤ ሰብሳቢው በጎ ሰው ነበሩ፣ ቁልፉንም በእጃችን ሰጡን። በሰባተኛው ወር ምርጫ ተደረገና አዲሱ ኮሚቴ ሥራውን ሲረከብ በመዝገቡ ውስጥ ስለ ልጆች የተጻፈ አንድም መስመር አላገኘም። ሰኞ ከሰዓት ሠላሳ ሁለት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው አዲስ በተሰቀለ ቁልፍ ፊት ቆሙ። ለመክፈት ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ ከልጆቹም የተወሰኑት ከዚያ በኋላ አልተመለሱም። ቃለ ጉባኤው ቢያንስ አዳራሹ በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት እንደሚከፈት፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ ወንበር ቢሰበር ማን እንደሚያሠራ፣ የኮሚቴ ለውጥ ሲኖርም ስምምነቱ እንደሚቀጥል ሊገልጽ ይገባል።

ለቅሶ የገጠመ ዕለት ምን እንደሚደረግም አብራችሁ ወስኑ። አዳራሹ የተሠራው ለዚያ ነውና ቅድሚያው የለቀስተኛው ነው። ድንኳኑ ሲተከል አግዳሚዎቹ በሙሉ ይወጣሉ፤ እኛ በእነዚያ ቀናት ባዶው ወለል ላይ ሰሌን አንጥፈን ልጆቹን አንድ ሰዓት ብቻ እናስነብብና በጊዜ እንሸኛለን። ለቅሶው በአዳራሹ አጠገብ ከሆነ ግን መዝጋት ይሻላል።

ሰዓቱና ልጆቹ

በአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው በ12 ሰዓትና በ1 ሰዓት መካከል ነው። ስለዚህ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ልጆቹ ሳይመሽባቸው እንዲገቡ ያስችላል፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም። በከሰዓት ፈረቃ የሚማሩ ልጆች ካሉ ለእነሱ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ጠዋት ሌላ ምድብ ማዘጋጀት ይቻላል። በሳምንት አምስት ቀን ጀምሮ ወደ ሁለት ከመውረድ፣ በሦስት ቀን ጀምሮ መጽናት የተሻለ ነው። ወላጅ የሚያምነው በተባለው ሰዓት የተከፈተ በርን ነው፤ አንድ ጊዜ ዘግቶ የቆየ በር ያን እምነት በቶሎ አያገኘውም።

ልጆቹን በክፍላቸው አትመድቡ። አራተኛ ክፍል የተባለው ልጅ ፊደል የማይለይ፣ ሁለተኛ ክፍል የተባለችው ደግሞ አንቀጽ አቀላጥፋ የምታነብ ሆና ልትገኝ ትችላለች። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አምስት አምስት ደቂቃ ፈትኑት፦ ፊደል፣ ከዚያ ቃል፣ ከዚያ አጭር አንቀጽ፣ በመጨረሻም ስላነበበው ሁለት ጥያቄ። የት ላይ እንደቆመ በመዝገብ ላይ ጻፉና ምድቡ በዚያ ይሁን።

በፊደሉ ላይ ግን እንዳትታለሉ። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ከ«ሀ ሁ ሂ» ጀምሮ አሥር መስመር ያህል በዜማ፣ ሰውነቱን እያወዛወዘ፣ አንድም ሳይሳሳት ወረደልኝ። አንብቧል ብዬ ላልፈው ስል ጣቴን «ጊ» ላይ አደረግሁ። ልጁ ዝም አለ፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር በጣቱ እየቆጠረ በለሆሳስ «ገ፣ ጉ፣ ጊ» ብሎ ደረሰበትና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጊ!» አለኝ። የሚያውቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልነበረም። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን በሽታ ከጥንት ያውቁት ስለነበር ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» የሚለውን አቡጊዳ ያስቆጥራሉ፤ የፊደሉን ተራ አፋልሶ ተማሪው በዓይኑ እንዲለይ ያስገድደዋልና። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነዚህን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ በውዞ ማስለየት ጠመኔና መቀስ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። በእኛ ዘንድ የተሻለ ውጤት ያመጣው ሥራ ይኸው ነው።

በዕለቱ መርሐ ግብር ውስጥ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ለመክሰስና ለጨዋታ ተዉት። ቁርሱን ሳይበላ ጠዋት የተማረ ልጅ ምሳም ሳይበላ ሊመጣ ይችላልና ሆዱ ሳይያዝ ዓይኑ ፊደል ላይ አያርፍም። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ በሶ ወይም ዳቦ በሻይ ይበቃል፤ ጣጣ የበዛበት ምግብ ሠሪዎቹን ያሰለቻል። ቀጥሎ የቤት ሥራ፣ ከዚያ በምድብ ንባብና ሒሳብ፣ በመጨረሻ አሥር ደቂቃ ታሪክ ማንበብ ይሁን። ለሒሳብ ገበጣን የሚተካከል መሣሪያ አላገኘሁም፤ መደመርና መቀነስን ሳይነገራቸው ይለማመዱበታል። አንዳንድ ወላጆች «ልጄን ለጨዋታ አልላክሁም» ይሉ ይሆናል፤ አንድ ቀን ጋብዛችሁ አጠገባቸው አስቀምጧቸው።

ሴቶች ልጆች ለምን እንደሚቀሩ

በሁለተኛው ወር መዝገቡን ስናገላብጥ ወንዶቹ ሲመጡ ሴቶቹ እየቀነሱ መሆኑን አየን። ምክንያቱ ሰነፍ መሆናቸው አልነበረም፤ ወንድሞቻቸው ሲላኩ እነሱ ሕፃን ይጠብቃሉ፣ ውኃ ወረፋ ይይዛሉ። ወላጅን መውቀስ ምንም አልለወጠም። የለወጠው አንዲት ምንጣፍ ናት፤ በአዳራሹ ጥግ ላይ አንጥፈን ከሦስት ዓመት በላይ የሆኑ ታናናሾች አብረው እንዲመጡ ፈቀድን፤ አንዲት የእድሩ እናትም በተራ ይጠብቋቸው ጀመር። በዚያው ወር አብዛኞቹ ተመለሱ። ለእናቶቹም ቢሆን ጥቅሙ ያን ጊዜ ነው በግልጽ የታየው፤ ሁለቱም ልጆቿ ያሉበትን የምታውቅ እናት ጉልቷን እስከ ማታ ገበያ ድረስ ሳትሠጋ መጠበቅ ትችላለች።

አስጠኚዎችና ጥንቃቄ

ጡረታ የወጡ መምህራን የዚህ ሥራ ምሰሶ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎችን አጣምሩ። እንደ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት መምህርነት የሚያጠኑ ወጣቶች ልምምድ የሚሹ ናቸውና በደብዳቤ መጠየቅ አይከፋም። ለአሥር ልጅ አንድ አስጠኚ ከተገኘ መልካም ነው፤ ከአሥራ አምስት ካለፈ ግን ሥራው ልጅ መጠበቅ ብቻ ይሆናል። ልጁን ጠዋት በክፍል የሚያስተምረውን መምህር በክፍያ ከሰዓት እንዲያስጠናው አታድርጉ፤ ጠዋት የሚገባውን ለከሰዓት የማቆየት ፈተና ውስጥ ሰውን መክተት ተገቢ አይደለም።

ለልጆች ደኅንነት የሚደረገውን ጥንቃቄ በይሉኝታ አታላሉት። ማንኛውም አስጠኚ መታወቂያውንና የሚያውቀው የሰፈር ሰው ዋስትና ያቅርብ፤ አንድ ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ብቻውን አይቀመጥ፤ በተከፈተበት ሰዓት ሁሉ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ፤ በርና መስኮት ክፍት ይሁን። ልጁን ማን እንደሚወስደው በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ዱላም፣ ጆሮ መቆንጠጥም፣ ማንበርከክም አይፈቀድ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሌሎች የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አንድ አዛውንት መምህር «እኛ ተገርፈን ነው የተማርነው» ብለው ነበር፤ በትሩን ትተው መቀጠላቸውን ግን ልጆቹ ወደዱት፤ ዛሬ በሩ ላይ ቀድመው የሚጠብቁት እሳቸውን ነው።

ገንዘቡና ሪፖርቱ

ሁለት መቶ አባላት ያሉት እድር በወርኃዊ መዋጮው ላይ 20 ብር ቢጨምር በወር 4,000 ብር ይገኛል፤ መክሰሱን ለመደጎም፣ ጠመኔና ወረቀት ለመግዛት መነሻ ይሆናል። የልጆቹ ገንዘብ ከለቅሶው ገንዘብ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ለብቻው ደረሰኝና መዝገብ ይኑረው። የቀረውን በዓይነት ጠይቁ። ዳቦ ቤቱ ዳቦ፣ ወፍጮ ቤቱ በሶ፣ ልጆቹ ያደጉለት ቤት ያገለገለ መጽሐፍ ይሰጣል። ልጅ የሌላቸው አባላት «እኛ ለምን እንከፍላለን?» ማለታቸው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለእነሱ የሰጠነው መልስ የሰፈሩ ወጣት እድርን የሽማግሌዎች የቀብር ጉዳይ አድርጎ መሸሹን ማስታወስ ነበር። አስጠኚ ሆነው የገቡ ሦስት ወጣቶች ዛሬ ድንኳን ይተክላሉ፤ ሦስቱም በየራሳቸው ስም አባል ሆነዋል።

በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ የአምስት ደቂቃ ሪፖርት አቅርቡ፦ ስንት ልጅ ተመዝግቦ ስንት መጣ፣ ስንቱ ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ አንቀጽ ተሻገረ፣ ምን ወጣ፣ ምን ቀረ። በየሁለት ወሩ የመጀመሪያውን ፈተና ድገሙት። ስለ ትምህርት ቤት ውጤት ብዙ ቃል አትግቡ፤ የክፍል ደረጃ ብዙ ምክንያት አለውና። ከንግግሩ ይልቅ አንድ ልጅ በአባላቱ ፊት ቆሞ ያላየውን አንቀጽ ከጋዜጣ ላይ ቢያነብ ይበቃል።

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ቢዘጋም አዳራሹ መዘጋት የለበትም፤ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚገኙት ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ሲመታው ጮክ ብሎ ማንበብ የማይቻል መሆኑን አስቀድማችሁ አስቡ። እኛ በክረምት ንባቡን ወደ ጠዋት አዛውረን፣ ዝናቡ በሚበረታበት ከሰዓት ጽሕፈትና ገበጣ እናደርጋለን፤ ከበሩ ሥር ውኃ እንዳይገባም ከሰኔ በፊት በአሸዋ የተሞሉ ሁለት ጆንያዎች እናዘጋጃለን።