ተረቱን ሕግ ማድረግ፦ በአገራችን ተረት ላይ የቆመ ትንሽ አክሽን አርፒጂ በጎዶት አሠራር

ተረት ላይ የቆመ ጌም ለመሥራት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሥዕል ነው። ጎጆ ይሥላል፣ ጥለት ያለው ቀሚስ ይሥላል፣ ጅብ ይሥላል፤ ውስጡን ግን በተለመደው ሕግ ይሞላዋል፦ ጠላት ግደል፣ ወርቅ ልቀም፣ የተሻለ ሰይፍ ግዛ። እንዲህ ያለው ጌም ሥዕሉ ቢነሳ ከሌላው አይለይም። ተረቱ መግባት ያለበት ሕጉ ውስጥ ነው፤ ተጫዋቹ ምን ሲያደርግ እንደሚያሸንፍና ምን ሲያደርግ እንደሚሸነፍ የሚወስነው ተረቱ ይሁን። ከዚህ በታች ያለው ጎዶት በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር፣ ሐዋሳ ላይ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ አንድሮይድ ስልክ ሊሠራ የሚችል፣ ፍልሚያና ታሪክ ያለበት (አክሽን አርፒጂ)፣ ለመጫወት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ምዕራፍ ነው። ከዚያ በላይ አታቅዱ። አንድ ተረት፣ አንድ ዓይነት ጠላት፣ አንድ ካርታ ይበቃል።

ሕጉን ከተረቱ ማውጣት

የአንበሳውን ጢም ተረት ውሰዱ። የእንጀራ ልጇ ፊት የነሳት ሴት አዋቂ ዘንድ ትሄዳለች፤ አዋቂው «ከሕያው አንበሳ ጢም ነቅለሽ አምጪ» ይላታል፤ እሷም በየቀኑ ሥጋ ይዛ፣ ዛሬ ከሩቅ፣ ነገ ቀረብ እያለች ታለማምደዋለች። ይህ ያለቀለት የቦስ ፍልሚያ፣ ማለትም ከትልቁ ተጋጣሚ ጋር የሚደረግ ፍልሚያ ንድፍ ነው፤ ልዩነቱ መሣሪያ የመዘዘ የሚሸነፍበት መሆኑ ነው። በአንበሳው ዙሪያ በ200፣ በ150፣ በ100፣ በ60 እና በ24 ፒክስል ርቀት አምስት ክቦች አስቡ። ተጫዋቹ ክቡ ጠርዝ ላይ ሥጋ ያስቀምጣል፣ 3 ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል፣ አንበሳው ይበላል፣ ቀጣዩ ክብ ይከፈታል። ከሮጠ ወይም መሣሪያ ከመዘዘ ሁለት ክብ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ መጀመሪያው እንዲመለስ አታድርጉ፤ ሦስተኛ ጊዜ ከዜሮ የጀመረ ሰው ጌሙን ይዘጋዋል። አንበሳው ከመቆጣቱ በፊት ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛ፣ ጭራው ይገረፍ፤ ለዚህ ምልክት ቢያንስ 0.8 ሰከንድ ስጡ። ምልክቱ ከሌለ ተጫዋቹ ቁጣው በዕጣ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ትዕግሥቱም ትርጉም ያጣል።

እንቆቅልሽም የራሱን ሕግ ይዞ ይመጣል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ይባላል፤ ያልመለሰ «አገር ስጠኝ» ይባላል። በጌሙ ውስጥ እመት ጦጢት መንገድ ላይ ትጠይቅ። ተጫዋቹ ካልመለሰ ያሰሳትን አንዲት የካርታ ክፍል መርጦ ይሰጣታል፤ ያቺ ክፍል እንደገና በጭጋግ ትሸፈናለች፤ ለማስመለስ ሌላ እንቆቅልሽ መፍታት አለበት። ምርጫውን ለተጫዋቹ ተዉት፤ የትኛውን አገር እንደሚሰጥ ሲያስብ ነው ጨዋታው የሚጣፍጠው። ታሪኩን መቀጠል የሚቻልባትን ብቸኛ ክፍል ግን ከምርጫው አውጡ፤ አለዚያ መውጫ የሌለው ቦታ ይታሰራል። የተረቱ መዝጊያ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ደግሞ ለሴቭ ማድረጊያ ተስማሚ ነው፦ ምዕራፍ ሲያልቅ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጌሙ ይመዘገባል፣ ጤና ይሞላል።

አያ ጅቦ በተረቶቻችን ጉልበታም፣ ሆዳም፣ በቀላሉ የሚታለል ነው። ስለዚህ ሥጋ ሲወረወርለት 2.5 ሰከንድ ሁሉንም ረስቶ ይብላ፤ በዚያ ጊዜ ከኋላ የመታው እጥፍ ይጉዳው። ያለ ሥጋም በ4 ዱላ የሚወድቅ ይሁን፤ ብልሃቱ መንገድ እንጂ ግዴታ አይሁን።

ፍልሚያው

ጎዶት በነፃ የሚወርድ፣ ተከላ የማይፈልግ ሶፍትዌር ነው፤ 4ኛው ትውልድ በመጋቢት 2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወጥቷል። ኤዲተሩ ራሱ ቀላል ነው፤ ወደ ስልክ ለመላክ የሚያስፈልጉት የኤክስፖርት ቴምፕሌቶች ግን ወደ 1 ጊጋባይት ስለሚጠጉ ጥሩ ዋይፋይ ባለበት አውርዷቸው፤ ቁጥራቸው ከኤዲተሩ ቨርዥን ጋር አንድ መሆን አለበት። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ሬንደረር (ሥዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣውን ክፍል) ምረጡ። ሌሎቹ ሁለቱ ቩልካንን የመሰለ አዲስ የግራፊክስ ሥርዓት ስለሚፈልጉ አሮጌ ላፕቶፕና ርካሽ ስልክ ላይ ያስቸግራሉ።

ገጸ ባሕሪው «ካራክተርቦዲ2ዲ» የሚባለው፣ በኮድ የሚንቀሳቀስ አካል ይሁን። ከላይ የሚታይ ጌም ስለሆነ «ሞሽን ሞድ»ን ከ«ግራውንድድ» ወደ «ፍሎቲንግ» ቀይሩ፤ ካልቀየራችሁ ኤንጂኑ ግድግዳን እንደ ወለልና ጣራ ይቆጥርና ጥግ ላይ እንግዳ መንሸራተት ይመጣል። አቅጣጫን በ«ጌት ቬክተር» ውሰዱ፤ ሁለት ቁልፎችን ለየብቻ ከደመራችሁ ሰያፍ አካሄድ 1.41 እጥፍ ይፈጥናል። «ቬሎሲቲ» የሚለካው በሰከንድ በሚኬድ ፒክስል ነው፤ 110 ጥሩ መነሻ ነው። «ሙቭ ኤንድ ስላይድ» የጊዜውን ስሌት ራሱ ስለሚሠራ ፍጥነቱን በ«ዴልታ»፣ ማለትም ካለፈው ስሌት ወዲህ ባለፈው ጊዜ አታባዙት። ጀግናው እንደ ቀንድ አውጣ የሚሳብ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

የፊዚክሱ ሰዓት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመታል፤ ፍልሚያን በዚህ ምት መቁጠር ተለማመዱ። የጀግናው ዱላ 4 ምት ይነሳ፣ 4 ምት ይምታ፣ 10 ምት ይመለስ። የጅቡ ንክሻ 24 ምት ይዘጋጅ፣ 6 ምት ይናከስ፣ 36 ምት ይድከም። ሃያ አራቱ በዘፈቀደ አልመጣም፦ ሰው ያየውን ነገር አውቆ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ያህል፣ ማለትም 15 ምት ይወስድበታል፤ የስልክ ስክሪን መዘግየት ሲጨመርበት ከ20 በታች የሆነ ዝግጅት በዕድል ብቻ የሚያመልጡት ይሆናል። መሸሻው በጠቅላላ 18 ምት ሆኖ ከ3ኛው እስከ 12ኛው የማይጎዳበት ይሁን። የተጫነን ቁልፍ ለ8 ምት አስታውሱ፤ ተጫዋቹ ዱላው ሳይመለስ ቀድሞ ከተጫነ ትእዛዙ እንዳይጠፋ። «ቁልፉ አይሰማም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

ዱላው ማረፉን የሚያውቁት ሁለት «ኤሪያ2ዲ» (መነካካትን የሚለዩ ክልሎች) ናቸው፤ አንዱ መሣሪያው ላይ፣ አንዱ አካሉ ላይ። በተለያየ ሌየር አስቀምጧቸው፤ አለዚያ ጀግናው በራሱ ዱላ ይቆስላል። ለእያንዳንዱ ዱላ የተመቱትን የያዘ ዝርዝር አብጁ፣ ዱላው ሲነሳ ባዶ አድርጉት፤ ካልሆነ አንድ ዱላ ጅቡን በ4ቱም የሰዓት ምት ይመታውና በአንዴ ይገድለዋል። የዱላውን የግጭት ቅርጽ ግጭቱ በተሰማበት ቅጽበት ለማጥፋት ስትሞክሩ ኤንጂኑ ቀይ ስሕተት ያወጣል፤ ስሌቱ እስኪያልቅ በሚጠብቀው በ«ሴት ዲፈርድ» አጥፉት።

ዱላ ሲያርፍ ክብደት እንዲሰማ የጌሙን የጊዜ ፍጥነት ለ0.06 ሰከንድ ከ1 ወደ 0.05 አውርዱት። መልሶ የሚከፍተው ሰዓት ቆጣሪ ግን የጊዜውን መዝገም እንዲዘል መታዘዝ አለበት፤ «ክሪኤት ታይመር» ላይ አራተኛው ምርጫ ይህ ነው። ከተረሳ ቆጣሪውም አብሮ ይዘገምና 0.06 ሰከንዱ 1.2 ሰከንድ ይሆናል፤ ጌሙ የተንጠለጠለ ይመስላል። ሦስት ጅቦች በአንድ ጊዜ ሲመጡ ደግሞ ተራ ይጠብቁ፦ አንዱ ብቻ ሲናከስ ሌሎቹ በ70 ፒክስል ርቀት ይዙሩ።

ፊደሉ

የኛ ጌሞች ከሚበላሹባቸው ቦታዎች ዋናው ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። 320 በ180 የሆነ የፒክስል ሸራ ለላቲን ፊደል ይበቃል፤ ግዕዝ ግን ሱን ከሲ፣ ቸን ከቼ የምትለየውን ትንሽ ቅጥያ በ8 ፒክስል ቁመት ማሳየት አይችልም። ሸራውን 640 በ360 አድርጉ፤ ይህ 1280 በ720 ላይ በ2፣ 1920 በ1080 ላይ በ3 በትክክል ይባዛል። ጽሑፉን ከ16 ፒክስል አታሳንሱ። የ«ስትሬች» ሁኔታውን «ካንቫስ አይተምስ» ካደረጋችሁት ፊደሉ በስክሪኑ ሙሉ ጥራት ይሣላል፤ ሥዕሎቹ እንዳይደበዝዙ ደግሞ የቴክስቸር ፊልተሩን «ኒረስት» አድርጉ።

ጎዶት ይዞት የሚመጣው ፎንት ግዕዝ የለውም። ኮምፒውተራችሁ ላይ ፊደሉ ቢታይ ከሲስተሙ ተበድሮ ነው፤ በብራውዘር የሚከፈተው ቅጂ ላይ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡ፤ የሁለቱም ፈቃድ ይህን ይፈቅዳል። ንግግሩን በሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ በተለየ) ሠንጠረዥ ስትይዙ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደል አመዘጋገብ መቀመጡን አረጋግጡ፤ ያለዚያ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ፊደል በፊደል የሚወጣ ጽሑፍ በሰከንድ ከ15 እስከ 20 ፊደል ይሂድ፤ አንዱ ፊደል ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ በእንግሊዝኛው ፍጥነት ከተለቀቀ ዓይን አይደርስበትም።

ጀግናው ወንድ ወይም ሴት መሆን የሚችል ከሆነ «ና» እና «ነይ» ይለያያሉና እሱን ወይም እሷን የሚያናግረው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ጀግናው ራሱ አዛውንቷን «እማማ» ብሎ በእርስዎ ያናግር፤ እሷ «ልጄ» ትበለው። ይህን መጨረሻ ላይ ለመጨመር ከታሰበ ሠንጠረዡ በሙሉ ይፈርሳል፤ ከመጀመሪያው ሁለት ዓምድ ክፈቱ።

ካርታውና ድምፁ

ሐዋሳ ለካርታ የምትመች ከተማ ናት። ሐይቁ በምዕራብ በኩል ስለሆነ የካርታውን ግራ በተፈጥሮው ይዘጋዋል፤ ዙሪያውን ያሉት ከፍታዎች የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ጠርዝ ስለሆኑ «እዚህ ማለፍ አይቻልም» የሚል የውሸት አጥር አያስፈልጋችሁም። ታቦርን የአንበሳው ቦታ፣ የሐይቁ ዳር ዋርካዎችን የእመት ጦጢት መንደር፣ አሞራ ገደልን ሥጋው የሚገኝበት ገበያ ማድረግ ይቻላል፤ እዚያ በሥጋ ፋንታ ቆሮሶና አምባዛ ቢሸጥ እንዲያውም ይበልጣል፣ ጅብ ዓሣ አይንቅም። ርቀቱን እንደ እውነቱ አታድርጉ፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ከ30 ሰከንድ በላይ ባዶ መንገድ አይኑር። አካባቢው የሲዳማ ተረቶችም ባለቤት ነው። እነሱን ለመጠቀም የሚያወሩትን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ ከፈቀዱ ስማቸውን ጌሙ መጨረሻ ላይ ጻፉ።

ድምፅ ለመቅዳት ማለዳ ሂዱ፤ ጀልባና ሰው ሳይበዛ ጉሬዛው ሲጮኽ፣ አባ ኮዳው መንቆሩን ሲያማታ ይገኛል። ስልክ ይበቃል፣ ነገር ግን ማይኩን በስፖንጅ ሸፍኑት፤ የሐይቁ ነፋስ ቅጂውን በሙሉ ያበላሻል። አጫጭሩን ድምፅ በዌቭ፣ ረጅሙን ሙዚቃ በኦግ አስቀምጡ።

መብራትና ስልክ

መብራት ሴቭ እየተደረገ ሳለ ቢሄድ ፋይሉ ግማሽ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በሌላ ስም ጻፉ፣ ተጽፎ ሲያልቅ ስሙን ቀይራችሁ አሮጌውን ተኩ፤ አንድ የቀድሞ ቅጂም ይቆይ። ፕሮጀክቱን ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት ያዙት፤ በየቀኑም ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ኢንተርኔት ላኩ።

ሙከራውን ጌም ቤት ውስጥ ብታደርጉ እጃቸው ጆይስቲክ የለመደ ልጆች ታገኛላችሁ። ስልኩን ወይም ጆይስቲኩን ስጡና ዝም በሉ፤ የት እንደቆሙ ብቻ ጻፉ። «እዚህ ጋ ተጫን» ካላችሁ የዚያ ልጅ ሙከራ ዋጋ የለውም።

ለአንድሮይድ ጃቫ ዲቬሎፕመንት ኪት 17 እና የአንድሮይድ ኤስዲኬ ያስፈልጋሉ። ኤክስፖርቱ ስለ ቴክስቸር መጭመቂያ እያወራ እምቢ ካለ ፕሮጀክት ሴቲንግ ውስጥ «ኢቲሲ2 ኤኤስቲሲ» የሚለውን አብሩ። ከመነሻው የተመረጠው ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ብቻ ነው፤ ባለ 32 ቢቱንም ምረጡ፣ አለዚያ ብዙ ርካሽ ስልኮች ላይ አይጫንም። ጎግል ፕሌይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ ስቲም ለአንድ ጌም 100 ዶላር ይጠይቃሉ፤ ኢች የተባለው የጌም ድረ ገጽ ክፍያ የለውም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ከሌላችሁ ኤፒኬውን (ስልክ ላይ የሚጫነውን ፋይል) በቴሌግራም ቻናል መልቀቅ ለመጀመሪያው ምዕራፍ በቂ ነው።

ኤፒኬው የሚፈረምበትን የኪስቶር ፋይልና የይለፍ ቃሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ፋይሉ ከጠፋ አዲሱ ቨርዥን በአሮጌው ላይ አልጫን ይላል፤ ተጫዋቹ ጌሙን አጥፍቶ እንደገና መጫን ይኖርበታል፣ አንበሳው ዘንድ ለመድረስ የመዘገበው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።