አምፕሊፋየር ቤት ወስደው ሲሞክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምፕሊፋየር፣ ማለትም ሙዚቃውን አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጠው ዕቃ፣ ብቻውን አይሰማም። ጆሯችን ጋ የሚደርሰው አምፕሊፋየሩ፣ ስፒከሩና ክፍሉ ተደምረው የሚሰጡት ድምፅ ነው። ሱቅ ውስጥ ልብ የሰረቀ ዕቃ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ሌላ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ዕቃውን ቤት ወስጄ ልሞክረው» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አሞካከሩ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ከሁሉ የሚከፋው የድምፅ መጠናቸውን ሳያስተካክሉ ሁለት አምፕሊፋየሮችን ማወዳደር ነው። በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምፅ ጆሯችን «ጮኸ» አይለውም፤ «ጠራ፣ ባሱ ሞላ» ይለዋል። የአንድ ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብልጫ እንኳ ፍርድን ያዛባል። ሁለቱንም ቮልዩም መሃል ላይ ማድረግ አይጠቅምም፤ የአንዱ መሃል ለሌላው መሃል አይደለም። እንዲህ ያድርጉ፦ የባስና የትሬብል (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ) ማስተካከያውን ዜሮ ላይ ያድርጉ፣ ባስና ትሬብልን የሚያጎላውን የሎውድነስ ቁልፍ ያጥፉ፤ 400 ኸርዝ የመፈተሻ ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በተገናኘው ስልክዎ ላይ ይክፈቱ፤ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኤሲ ቮልት ላይ አድርገው ስፒከሩ የታሰረባቸውን ሁለት ጫፎች ይለኩ። የመጀመሪያው 1 ቮልት ካሳየ ሁለተኛውንም 1 ቮልት ላይ ያምጡት። 1.12 ካሳየ በአንድ ዴሲቤል ቀድሟል፤ ይህን ይዞ የሚደረግ ውድድር ፍትሐዊ አይደለም።

በአንድ ጥንድ ስፒከር ብቻ መፍረድም ያው ነው። የስፒከሩን ጀርባ ወይም መመሪያውን ያንብቡ። በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 92 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር የትኛውንም አምፕሊፋየር ጀግና ያስመስለዋል። 86 ዴሲቤል የሚሰጠው ለዚያው ጩኸት አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ ዝቅ ያለ፣ 4 ኦም ከሆነ ደግሞ ከአምፕሊፋየሩ ብዙ ከረንት ይስባል። ደካማው እዚህ ጋ ይጋለጣል፦ ይግላል፣ ባሱ ይላላል፣ ድምፁ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት አያታልልዎ፤ ዋቱ እጥፍ ቢሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። እኔ ቢያንስ ሁለት ጥንድ እመክራለሁ፣ ለአምፕሊፋየሩ አንድ ቀላልና አንድ አስቸጋሪ፤ ከጎረቤት መዋስም ይቻላል። ቀላሉም የራሱ ጥቅም አለው፤ ሙዚቃውን አቁመው ጆሮዎን ትንሿ ስፒከር ላይ ቢያስጠጉ የአምፕሊፋየሩ ሹሹታ በደንብ የሚሰማው በእሱ ነው።

ገመድ ሲያስሩ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። የአንዱ ጎን ከተገለበጠ ባሱ ይሳሳል፣ ከመሃል መሰማት ያለበት ዘፋኝም ቦታ ያጣል፤ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ይመስላል። ገመድ ከመቀየርዎ በፊት ያጥፉት። ጫፎቹ ከተነካኩ ትራንዚስተሩ ሊቃጠል ይችላል።

መብራትን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። የእኛ 220 ቮልት ነው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ያገለገለ አምፕሊፋየር ግን በ100 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ጀርባውን ሳያነቡ ሶኬት ላይ አይሰኩት። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ደግሞ መብራቱ ይደክማል፣ የብዙ አምፕሊፋየሮች ጉልበትም አብሮ ይወርዳል። አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ ሰምተው አያወዳድሩ።

ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ያስተጋባል። ምንጣፍ ያንጥፉ፣ መጋረጃውን ይዝጉ፣ ስፒከሮቹን ከጥግ ያርቁ፤ ጥግ ባስን ያሳብጣል። ከዚያ በኋላ ስፒከሩንም መቀመጫዎንም አያንቀሳቅሱ።

ሙዚቃው ከቪዲዮ ላይ የተቀዳ፣ የተጨመቀ ፋይል ከሆነ የተሻለው አምፕሊፋየር ብልጫ ላይሰማ ይችላል። በጥራት የተቀዳ በገና ካገኙ ግን ይጠቀሙበት። አሥሩ ጅማቶች ሲመቱ በእንዚራው፣ ማለትም በጅማቱና በድልድዩ መካከል በምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ምክንያት ይነዝራሉ፤ ያ ንዝረት ከወፍራሙ ድምፅ ጋር ተያይዞ፣ ግን ተለይቶ መሰማት አለበት። አቅም ያጣ አምፕሊፋየር ሁለቱን ደባልቆ አንድ ጉርምርምታ ያደርጋቸዋል። የላላ የስፒከር ሳጥንም እዚያ ንዝረት ውስጥ ሊደበቅ ስለሚችል አጃቢ የሌለው የሰው ድምፅም ይጨምሩ።

የመጨረሻው ስህተት እያዩ መስማት ነው። ዋጋውንና መልኩን ያወቀ ጆሮ ቀድሞ ወስኗል። የቤተሰብ ሰው ከኋላ ሆኖ ሳይነግርዎ አሥር ጊዜ ይቀያይርልዎ፤ እርስዎ የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከአሥሩ ዘጠኙን በትክክል ካልለዩ ርካሹን ይግዙና የተረፈውን ገንዘብ ለተሻለ ስፒከር ያውሉት።