የወርቅ ፍሬን በኤምአርአይ ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ለፕሮስቴት ካንሰር የጨረር ሕክምና ሲታቀድ በእጢው ውስጥ የሚተከሉት የወርቅ ፍሬዎች ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረትና 3 ሚሊ ሜትር ርዝመት ብቻ ያላቸው ናቸው። የኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ) እና የሲቲ (በራጅ የሚነሣ) ምስሎች የሚገጣጠሙት በእነርሱ በመሆኑ፣ ፍሬውን በ2 ሚሊ ሜትር ከሳትነው የጨረሩ ዕቅድም አብሮ ይዛነፋል።

ደጋግሜ የማየውና ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ ስህተት፣ በምስሉ ላይ የሚታየውን ጥቁር ነጠብጣብ ፍሬው ራሱ ነው ብሎ መሃሉ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ወርቅ በኤምአርአይ ሲግናል አይሰጥም፤ የምናየው በዙሪያው ያለው ማግኔታዊ መስክ የተዛባበትን ቲሹ ነው። ማሽኑ በንባብ አቅጣጫ፣ ማለትም ሲግናሉን በሚያነብበት የምስሉ አቅጣጫ፣ ቦታን የሚለየው በሲግናሉ ድግግሞሽ ስለሆነ፣ መስኩ የተዛባበት ቲሹ ከእውነተኛ ቦታው ተገፍቶ ይታያል። በ1.5 ቴስላ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ) ማሽን የመስኩ አንድ ሚሊዮንኛ በድግግሞሽ ሲለካ 64 ሄርዝ ያህል ነው፤ በፍሬው አጠገብ መስኩ በ5 ሚሊዮንኛ ቢዛባ 320 ሄርዝ ይሆናል ማለት ነው። ባንድዊድዙ፣ ማለትም ለአንድ ፒክሰል (የምስል ነጥብ) የሚመደበው የድግግሞሽ ስፋት፣ 160 ሄርዝ ከሆነ ቲሹው ሁለት ፒክሰል ይሸሻል፤ 640 ሄርዝ ከሆነ ግን ግማሽ ፒክሰል ብቻ። ጀማሪዎች ምስሉ እንዳይሻክር እየሰጉ ባንድዊድዙን ያጠብባሉ። እባካችሁ ይሻክር! ያማረ ምስል ላይ የተሳሳተ ቦታ ለታካሚው ምንም አይጠቅመውም። ጥርጣሬ ካለ የንባብ ግራዲየንቱን (በንባብ አቅጣጫ መስኩን ደረጃ በደረጃ የሚቀይረውን) ገልብጦ ሁለተኛ ምስል ማንሳት ነው፤ መገፋቱ በተቃራኒው ስለሚሆን እውነተኛው ቦታ ከሁለቱ መካከል ይገኛል።

ከኤምአርአይ የምስል አነሣስ ዘዴዎች ግራዲየንት ኢኮ የሚባለው ጥቁሩን ስለሚያገዝፈው ፍሬውን ለማግኘት ይረዳል፣ ለመለካት ግን አይበቃም፤ ስፒን ኢኮ የሚባለው ሌላው ዘዴም ቢሆን የጠፋውን ሲግናል ይመልሳል እንጂ መገፋቱን አያርምም። በ3 ሚሊ ሜትር ስላይስ (የአንድ ምስል ንጣፍ ውፍረት) ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፍሬ በትክክል አይለካም።

ሲቲውን ሳያዩ ምልክት ማድረግን እኔም ሠርቼዋለሁ። ሦስት ፍሬ የተተከለላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ሦስት ጥቁር ነጠብጣብ ቆጥሬ፣ ሦስቱንም ምልክት አድርጌ ላክሁ። የፊዚክስ ባለሙያዋ ምስሎቹ አልገጥም ቢሏት ጠራችኝ። ሲቲውን ስንከፍተው ሦስተኛው ፍሬ እጢው ጫፍ ላይ፣ ነጭ መስመር በዙሪያው እየረጨ ይታያል፤ እኔ ምልክት ያደረግሁበት የካልሲየም ክምችት ነበር። ካልሲየምም በኤምአርአይ ይጠቁራል፣ በሲቲም ይነጣል፣ ነገር ግን እንደ ወርቅ መስመር አይረጭም።

ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ግን ፈጽሞ በኤምአርአይ አይፈለግም። ቀድሞ ቆርቆሮ ይሠሩ የነበሩ አንድ ሰው ዓይናቸው ውስጥ ስብርባሪ መኖሩ ሳይታወቅ ኤምአርአይ ተነሥተው አንድ ዓይናቸው መጥፋቱ በ1986 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል፤ ብየዳ ወይም ሞረዳ ለሠራ ሰው ጥርጣሬ ካለ አስቀድሞ የዓይን ራጅ ይነሣለት።